ጦርነት መቃወም ክህደት ነው ላሉሽ ሰዎች

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልድገመው፦ ሜሪላንድ ነው የምትኖሪው፣ ግሪን ካርድ አለሽ፣ ሲቲዝንሺፕ አመልክተሽ ኢንተርቪው እየጠበቅሽ ነው። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ መግባቷን አትደግፊም፣ ዲሲ ሰልፍ መውጣት ትፈልጊያለሽ። የ15 ዓመት ልጅሽ ደሞ ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራ ትምህርት ቤት ልትሄድ ነው። ሥራ ቦታ ያሉ ሰዎች «ሀገር ጦርነት ላይ እያለች መቃወም ክህደት ነው፣ ወረቀትሽንም ያበላሽብሻል» አሉሽ። በዛ ላይ 17 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለሽ፣ እሱንም ይነካዋል ወይ ብለሻል።

ባጭሩ፣ ክህደት አይደለም፣ ወንጀልም አይደለም፣ ልጅሽም ጨርቋን ማሰር ትችላለች። ግን እዚህ ላይ ባቆም እንደ ጠበቃ ሥራዬን አልሠራሁም። መብቱ ከማን ነው የሚጠብቅሽ፣ ለሲቲዝንና ለግሪን ካርድ እኩል ይሠራል ወይ፣ እዚህ ላይ ነው ሰዎቻችን የሚሳሳቱት። አንዱ ነፃ ሀገር ነው ብሎ መንገድ ዘግቶ ይታሰራል፣ ሌላው እንደው በባዶ ሜዳ ፈርቶ አፉን ዘግቶ ይኖራል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ከክህደቱ ልጀምር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ራሱ ምን እንደሆነ የተነተነው ብቸኛ ወንጀል ክህደት ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አለ፦ በሀገሪቱ ላይ ጦር ማንሳት፣ ወይም ከጠላት ጋር ወግኖ ለጠላት እርዳታ መስጠት፣ በቃ ሌላ የለም። እሱም ቢሆን አንድን ድርጊት ያዩ ሁለት ምስክሮች ካልቀረቡ ወይም ተከሳሹ በግልጽ ችሎት ካላመነ አይፈረድበትም። የጻፉት ሰዎች ለምን እንዲህ አጠበቡት ብትዪ፣ የእንግሊዝ ነገሥታት የጠሉትን ሁሉ ከሃዲ እያሉ እንዴት እንደጨረሱት ታሪኩን በደንብ ያውቁት ስለነበር ነው። እኛ ደግሞ «ፀረ አብዮት» የሚለው ስም ብቻውን ሰው ካስበላበት ሀገር ስለመጣን እንዲህ ያለ ቃል ሥራ ቦታ ላይ ሲወረወርብን መደንገጣችን አይገርምም። ግን እዚህ ሀገር ሰልፍ ወጥቶ ጦርነቱ ልክ አይደለም ማለት ከዛ አንቀጽ አጠገብም አይደርስም።

ደሞም ጦርነት እንግባ አንግባ የሚለው ክርክር ሕጉ ራሱ የጠራው ክርክር ነው። ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የኮንግረስ (ሃውስና ሴኔት የሚባሉት ሁለት ምክር ቤቶች) ነው፣ ማለትም ሆን ተብሎ ለሚከራከሩ ሰዎች ነው የተሰጠው። በተግባር ግን ኮንግረስ በይፋ ጦርነት ያወጀበት የመጨረሻው ጊዜ 1942 ነው፣ ያውም በቡልጋሪያ፣ በሃንጋሪና በሩማንያ ላይ። ከዛ ወዲህ ኮሪያ በለው ቬትናም፣ አፍጋኒስታን በለው ኢራቅ ያለ አዋጅ ነው የተገባው፣ ወይ ኮንግረስ ኃይል እንዲጠቀሙ ፈቅጃለሁ የሚል ውሳኔ ያሳልፋል ወይ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ይጀምረዋል። በ1973 የኒክሰንን ቪቶ ሽረው ያወጡት ሕግ አለ፣ ፕሬዚዳንቱ ወታደር ባስገባ በ48 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ፣ ፈቃድ ካላገኘ በ60 ቀን ውስጥ ያቁም፣ ለመውጫ 30 ቀን ይጨመርለት ይላል፣ ፕሬዚዳንቶቹ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁኑ ሲሸራርፉት ነው የኖሩት።

እዛው ኮንግረስ ውስጥ የተቃወሙትን ሰዎች ነገር ብታዪ ደስ ይላል። በ1964 ለቬትናም በሩን የከፈተው የቶንኪን ውሳኔ ሃውስ ውስጥ 416 ለ 0፣ ሴኔት ውስጥ 88 ለ 2 ነው ያለፈው። ሁለቱ የኦሪገኑ ዌይን ሞርስና የአላስካው አርነስት ግሩኒንግ ናቸው፣ በ1968 ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ፣ በ1971 ደሞ ያ ውሳኔ ራሱ ተሻረ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በሦስተኛው ቀን የወጣው ፈቃድ ሃውስ ላይ 420 ለ 1 ነበር፣ አንዷ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ነበረች፣ የግድያ ዛቻ ከመብዛቱ የተነሳ ፖሊስ ጠባቂ ተመደበላት። የኢራቁ ጊዜ በ2002 ተቃዋሚው በዝቶ ነበር፣ 296 ለ 133 እና 77 ለ 23። እነዚህን ሁሉ ማንም ከሃዲ ብሎ ፍርድ ቤት አላቆማቸውም፣ የስድብ መዓት ወርዶባቸዋል እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሊንከንን ደሞ እዪው። ገና የአንድ ጊዜ የሃውስ አባል እያለ በ1847 መጨረሻ ላይ ተነስቶ የሜክሲኮን ጦርነት የጀመሩትን ፕሬዚዳንት ፖልክን «ደማችን በመሬታችን ላይ ፈሰሰ ያሉበትን ቦታ ያሳዩን» ብሎ ሞገተ፣ በጃንዋሪ 1848 ሃውሱ 85 ለ 81 በሆነ ድምጽ ጦርነቱ ያለ አስፈላጊነትና ሕገ መንግሥቱን በመጣስ በፕሬዚዳንቱ የተጀመረ ነው አለ፣ ሊንከንም ከ85ቱ አንዱ ነበር። ወታደሩ እኮ ያኔ ሜክሲኮ ውስጥ ነው ያለው! ያው ሊንከን ግን በ1863 ፕሬዚዳንት ሆኖ የእርስ በርስ ጦርነቱን የሚቃወም ቫላንዲግሃም የሚባል የኦሃዮ ፖለቲከኛ ንግግር ስላደረገ ወታደሮች በሌሊት ቤቱ ገብተው ያዙት፣ ሲቪል ሆኖ ሳለ በወታደራዊ ችሎት ፈረዱበት፣ ሊንከንም እስሩን ወደ ግዞት ቀይሮ በግንባር በኩል ወደ ደቡብ ተገንጣዮቹ አስወረወረው። ሊንከንን የማከብር ሰው ነኝ፣ ግን ሥልጣን ላይ ያልወጣ ሰው እና ሥልጣን ላይ የወጣ ሰው ስለተቃውሞ የሚያስበው ምን ያህል እንደሚለያይ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

አሁን ሥራ ቦታ ያሉት ሰዎችሽ ሙሉ በሙሉ ከመሬት ተነስተው አይደለም ያወሩት የምልበት ቦታ ላይ ደረስን። እነሱ የሚያወሩት አሜሪካ አንድ ወቅት ላይ በትክክል ነበረች። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ። በ1917 ኢስፒዮናጅ አክት (የስለላ ሕግ) የሚባለው ወጣ፣ በ1918 ደሞ መንግሥትን፣ ባንዲራን፣ የወታደሩን ዩኒፎርም ሳይቀር መስደብ ወንጀል የሚያደርግ ማሻሻያ ተጨመረበት፣ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተከሰሰ። ስለላ ይባል እንጂ ሰላይ የተባለ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ሰባኪዎች፣ ጋዜጠኞች፣ የሠራተኛ ማህበር ሰዎች፣ ስደተኞች ናቸው።

ዩጂን ዴብስን ውሰጂ። የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ነው፣ ጁን 1918 ካንተን ኦሃዮ ላይ ቆሞ ተናገረ፣ ከተናገረው ውስጥ ጦርነቱን የሚዋጋው ሠራተኛው ሆኖ ሳለ ጦርነት ሲታወጅም ሰላም ሲደረግም ተጠይቆ አያውቅም የሚል አለበት። ለዚህ ንግግር 10 ዓመት ተፈረደበት። ሱፕሪም ኮርት (የሀገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት) በማርች 1919፣ ልብ በዪ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው፣ በሙሉ ድምጽ አጸደቀው። ሰውየው በ1920 አትላንታ እስር ቤት ሆኖ ለፕሬዚዳንት ተወዳድሮ ከ900 ሺህ በላይ ድምጽ አገኘ። ዊልሰን ምህረት አላደርግም አለ፣ ከሱ በኋላ የመጣው ሃርዲንግ ነው በ1921 የገና ዕለት የለቀቀው።

ከዴብስ አንድ ሳምንት በፊት ነው የሸንክ ውሳኔ የወጣው። «ቲያትር ቤት ውስጥ በሐሰት እሳት ብሎ መጮህ አይቻልም» የምትለዋን ሰምተሽ ይሆናል፣ የንግግር ነፃነት ገደብ አለው ለማለት ሁሉም ይጠቅሳታል። ከየት እንደመጣች ግን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ዳኛው ሆልምስ የተናገሯት ለምልመላ የተጠሩ ወጣቶች ምልመላውን እንዲቃወሙ የሚል በራሪ ወረቀት ያሠራጨ ሰው ወህኒ ይግባ ብለው ሲፈርዱ ነው። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰው ሲጠቅሳት ሁሌ ያናድደኛል።

እዛው ዓመት ላይ ለኛ ለስደተኞች ይበልጥ የሚቀርበን ኬዝ አለ። ከሩሲያ የመጡ ጥቂት ወጣት አይሁዶች አሜሪካ ወደ ሩሲያ ጦር መላኳን ተቃውመው በእንግሊዝኛና በዪዲሽ የታተመ በራሪ ወረቀት ማንሃተን ላይ ከፎቅ መስኮት በተኑ። ያዕቆብ አብራምስ የሚባለውና ሁለት ጓደኞቹ 20 ዓመት ተፈረደባቸው፣ ሞሊ ስታይመር የምትባለው ስትያዝ ገና 20 ዓመቷ የሆነ ልጅ 15 ዓመት። በ1921 ከእስር ወጥተው ወደ ሩሲያ ተባረሩ። ሱፕሪም ኮርት ፍርዱን ቢያጸድቀውም እሳቱን ያመጡት ሆልምስ ግን በስምንት ወር ውስጥ ሃሳባቸውን ቀይረው ከሌላው ዳኛ ከብራንዳይስ ጋር በልዩነት ጻፉ፣ ሃሳብ የሚፈተነው ከሌላ ሃሳብ ጋር ተወዳድሮ ነው አሉ። ያ የተሸነፈው የልዩነት ጽሑፍ ነው ዛሬ አንቺን የሚጠብቅሽ፣ 50 ዓመት ፈጅቶበታል።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የመጣው በጣም የሚገርም ሰዓት ላይ ነው። በ1943፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል ላይ፣ የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ዌስት ቨርጂንያ ውስጥ ባንዲራ ሰላም አንልም ብለው ከትምህርት ቤት ተባረው ነበር፣ ሱፕሪም ኮርት ገና በ1940 ተመሳሳይ ኬዝ ላይ ትምህርት ቤቱ ልክ ነው ያለውን ራሱ ገልብጦ ልጆቹ ልክ ናቸው አለ። ከዛ ቬትናም መጣ። ጁሊያን ቦንድ የሚባል ወጣት ጥቁር ተመራጭ ጦርነቱን ስለተቃወመ የጆርጂያ ምክር ቤት አናስገባህም አለው፣ በ1966 ሱፕሪም ኮርት በሙሉ ድምጽ አስገቡት አለ። በ1969 የብራንደንበርግ ውሳኔ ወጣ፣ አሁን ገዢው ሕግ እሱ ነው፦ መንግሥት አንድን ንግግር ሊቀጣ የሚችለው ንግግሩ ወዲያውኑ ሕገ ወጥ ድርጊት ለመቀስቀስ የታሰበ ሲሆንና ያንንም የማስከተል ዕድሉ ከፍተኛ ሲሆን ብቻ ነው። የሚያስቀው ነገር ተከሳሹ የሰላም ሰው አልነበረም፣ የኩ ክለክስ ክላን መሪ ነው። እና ያ ዘረኛ ሰው ያሸነፈበት ሕግ ነው ዛሬ የጦርነት ተቃዋሚውን ሁሉ የሚሸፍነው። በነገራችን ላይ ኢስፒዮናጅ አክት ራሱ አልተሻረም፣ አሁንም አለ፣ የ1918ቱ ማሻሻያ ነው በ1920 የተነሳው።

ወደ ልጅሽ እንምጣ። የሷ ጉዳይ ቃል በቃል በ1969 ተወስኗል። አይዋ ግዛት ዲሞይን ከተማ በዲሴምበር 1965 ጥቂት ተማሪዎች ቬትናም ላይ ለሞቱት ሀዘናቸውን ለመግለጽ ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እናስር ብለው ተመካከሩ። ርዕሰ መምህራኑ ቀድመው ሰምተው የሚከለክል ደንብ አወጡ። ሜሪ ቤዝ ቲንከር 13 ዓመቷ ነበር፣ ወንድሟ ጆን 15፣ አስረው ሄዱ፣ ታገዱ። ሱፕሪም ኮርት 7 ለ 2 በሆነ ድምጽ ተማሪ ትምህርት ቤት በር ላይ መብቱን ጥሎ አይገባም አለ። ትምህርት ቤቱ ሊከለክል የሚችለው ትምህርቱን በእውነት የሚረብሽ ነገር መኖሩን ካሳየ ነው፣ ሰው ቅር ይለዋል፣ አስተማሪው ወንድሙ ወታደር ነው ምናምን በቂ አይደለም። እዛ ትምህርት ቤት የሌላ ፖለቲካ ምልክት ማድረግ የሚፈቀድ መሆኑም ተጠቅሷል፣ ጨርቁ ብቻ ተለይቶ ነው የተከለከለው። ግን አንድ ነገር አልነገርሽኝም፣ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው የግል? የግል ከሆነ ይሄ የቲንከር ውሳኔ አይሠራላትም፣ የራሳቸው ደንብ ነው የሚገዛው። የመንግሥት ቢሆንም ክፍል ጥላ ከወጣች እንደማንኛውም ቀሪ ተማሪ ሊቀጧት ይችላሉ፣ ጨርቁ እንጂ መቅረቱ አልተጠበቀም።

ይሄ የግልና የመንግሥት ነገር ነው ትልቁ ነጥብ። ፈርስት አሜንድመንት (የንግግር ነፃነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ) የሚያስረው መንግሥትን ነው። አለቃሽን አያስርም። የግል መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኮንትራት ከሌለሽ በስተቀር በፌስቡክ ፖስትሽ ምክንያት ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፣ በዘር ወይ በሃይማኖት እስካልሆነ ድረስ ብዙ የምትከሺበት ነገር የለም። ካሊፎርኒያና ኮኔቲከት የመሳሰሉት ግዛቶች ለሠራተኛው የተሻለ ሕግ አላቸው፣ ዲሲም በፓርቲ አባልነት ማዳላትን ይከለክላል። በ2003 የኢራቅ ጦርነት ዋዜማ ላይ ዲክሲ ቺክስ የሚባሉት የካንትሪ ሙዚቀኞች ለንደን መድረክ ላይ ፕሬዚዳንት ቡሽን ስለነቀፉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈናቸውን አቆሙ፣ ሰዉ ሲዲያቸውን በቡልዶዘር አስደመሰሰ፣ ሕግ አልተጣሰም። ስለዚህ ሥራ ቦታ ላይ ያሉት ሰዎች ሊያስፈሩሽ የሚገባው በክህደት ሳይሆን ለአለቃ ሄደው በመናገር ነው። እኔ ብሆን ሥራ ቦታ ላይ ስለ ጦርነቱ አልከራከርም፣ ፈርቼ አይደለም፣ የቤት ኪራይ ስላለብኝ ነው።

ሰልፉ ራሱ ቀላል ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ መንገድ ሳትዘጊ ፖስተር ይዘሽ መቆም ፈቃድ አይጠይቅም። ናሽናል ሞልና በዋይት ሃውስ ዙሪያ ያሉት ፓርኮች ላይ ከ25 ሰው በላይ ከሆነ ፓርክ ሰርቪስ ፐርሚት ይጠይቃል፣ አዘጋጆቹ ናቸው የሚያወጡት። ዲሲ ታክሲ የነዳችሁ ሁሉ ላፋዬት ፓርክ ላይ የነበረችውን የሰላም ድንኳን ታውቋታላችሁ፣ ከ1981 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ከዋይት ሃውስ ፊት ለፊት ቆይታለች። መንግሥት መልእክቱን አይቶ መከልከል አይችልም፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ሁኔታውን ግን መወሰን ይችላል፣ በፌብሩዋሪ 2003 ኒውዮርክ ላይ የኢራቅ ተቃዋሚዎች በጎዳና ልንጓዝ ሲሉ ከተማው ከልክሎ ፍርድ ቤቱም ተስማምቶ ቆመው እንዲሰለፉ ብቻ ነው የተፈቀደላቸው። የንግግሩ ወሰን ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ ዌስትሚንስተር ላይ ኢራቅ የሞተ ማሪን ሲቀበር ጸያፍ ጽሑፍ ይዘው የቆሙትን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሱፕሪም ኮርት በ2011 8 ለ 1 ነው የፈረደላቸው። አባትየው ምን እንደተሰማው አስቢው። ሕጉ ግን እሱን አላየም።

ንግግር ያልሆነው ነገር ሌላ ነው። በ1968 ሱፕሪም ኮርት የምልመላ ካርዱን ያቃጠለውን ኦብራየንን ተቃውሞ ቢሆንም ካርዱን ማጥፋት ወንጀል ነው አለው። መንገድ መዝጋት፣ ሕንፃ ውስጥ አልወጣም ብሎ መቀመጥ፣ ፖሊስ ሂዱ ሲል አልሄድም ማለት ያስይዛል። በሜይ 1971 ዲሲ ላይ የቬትናም ተቃዋሚዎች ከተማዋን እንዘጋለን ብለው ወጥተው በጥቂት ቀን ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ፣ ዝም ብሎ መንገደኛ የነበረም ጭምር፣ የአብዛኛው ክስ ወድቋል። ለሲቲዝን ያ የሚያስቅ ትዝታ ነው። ላንቺ ግን ኤን 400 የሚባለው የሲቲዝንሺፕ ፎርም ታስረሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ክሱ ቢወድቅም፣ በስህተት ቢሆንም፣ ለሁለት ሰዓት ቢሆንም አዎ ብለሽ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ማቅረብ አለብሽ። መደበቅ ከእስሩ የባሰ ነው።

ወረቀት ላይ ደረስን፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚህ በፊት የጻፍኩት ሁሉ ደስ የሚል ቢሆንም ግሪን ካርድ ላለው ሰው ወለሉ እንደ ሲቲዝኑ ጠንካራ አይደለም። በ1945 ሃሪ ብሪጅስ የሚባለውን አውስትራሊያዊ የወደብ ሠራተኞች መሪ መንግሥት ሊያባርረው ሲል ሱፕሪም ኮርት እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋም የንግግር ነፃነት አለው ብሎ አዳነው። በ1952 ግን ሃሪሲያዲስ ሚባል ኬዝ ላይ ያው ፍርድ ቤት ብዙ ዓመት እዚህ የኖሩ ሦስት ሰዎች የቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ስለነበሩ ይባረሩ አለ። ሁለቱም ኬዞች እስከ ዛሬ አብረው ይኖራሉ። በ2025 ማርች ላይ ደሞ ኒውዮርክ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የጋዛ ጦርነት ተቃውሞ ላይ የነበረ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያለምንም የወንጀል ክስ ተያዘ፣ መንግሥት የጠቀሰው የኢሚግሬሽን ሕጉ ውስጥ ያለችውን «ለውጭ ፖሊሲ ጎጂ» የምትል አንቀጽ ነው። በዛው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ቦስተን የሚገኝ የፌደራል ዳኛ በሕጋዊ መንገድ ያለ የውጭ ዜጋ እንደ ሲቲዝኑ የመናገር መብት አለው ብሎ ፈረደ፣ ግን የሥር ፍርድ ቤት ነው እንጂ የሱፕሪም ኮርት ቃል አይደለም። ስለዚህ ሰልፍ ላይ መገኘት በራሱ ሲቲዝንሺፕ አያስከለክልም፣ ይሄን በልበ ሙሉነት እነግርሻለሁ፣ ነገር ግን ማንም ጠበቃ «ዜሮ ሪስክ ነው» ካለሽ ሌላ ጠበቃ ፈልጊ።

መሐላው ላይ ያለውንም ላንሳ፣ ኢንተርቪው ላይ ስለምትጠየቂው። ሕጉ ካዘዘ መሣሪያ ትይዣለሽ ወይ ይላል። በ1929 ሮዚካ ሽዊመር የምትባል የሃንጋሪ ተወላጅ የሰላም ታጋይ አልይዝም ስላለች ዜግነት ተከለከለች፣ የሚገርመው ከ50 ዓመት በላይ የሆናት ሴት ነበረች፣ ያኔ ሴት ማንም ለጦርነት አይጠራም። በ1948 ኒውዮርክ ላይ የየትኛውም ሀገር ዜጋ ሳትሆን ሞተች። ከመሞቷ ሁለት ዓመት ቀድሞ ግን ዢሩዋር የሚባል ካናዳዊ አድቬንቲስት ሱፕሪም ኮርት ሄዶ ያ ሕግ ተገለበጠ። ዛሬ በሃይማኖትሽ ምክንያት መሣሪያ የማትይዢ ከሆነ የተሻሻለ መሐላ መጠየቅ ትችያለሽ። የአድቬንቲስት ወገኖቻችን ይሄን ሳያውቁ አዎ ብለው ሕሊናቸው ሲቆጠቁጣቸው አይቻለሁ። ያንቺ ተቃውሞ ግን ይሄንን ጦርነት እንጂ ጦርነትን ሁሉ ካልሆነ ጥያቄውን አዎ ብለሽ ትመልሺዋለሽ፣ ውሸትም አይሆንብሽም፣ ፖሊሲ መቃወምና የሕግ ግዴታን አልፈጽምም ማለት ለየቅል ናቸው።

አንድ ለኛ ማህበረሰብ ብቻ የምለው አለ። በ2020ና በ2021 የሀገራችን ጦርነት ጊዜ ዲሲ ላይ ሁለቱም ወገን ሰልፍ ወጥቷል፣ አንዱ ጦርነቱ ይቁም ሲል ሌላው የመንግሥትን አቋም ሲደግፍ፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት በአንድ ጎዳና። ሕጉ ለሁለቱም እኩል ነው የሚሠራው፣ ሌላው ወገን እንዳይሰለፍ ፖሊስ ይከልክልልን ብላችሁ የምትደውሉልኝ ሰዎች ይሄን እወቁ። ገንዘብ ላይ ግን ቀልድ የለም። በ2010 ሱፕሪም ኮርት እንደወሰነው አሜሪካ በሽብርተኛ ድርጅትነት የመዘገበችውን ቡድን ብሩን ተዉት፣ ሥልጠናና ምክር እንኳን ከቡድኑ ጋር ተቀናጅቶ መስጠት ከባድ ወንጀል ነው። በራስ ተነሳሽነት ሃሳቡን መደገፍ ግን ንግግር ነው። እና የትኛውም ጎን ላለ ታጣቂ መዋጮ ከመላካችሁ በፊት ዝርዝሩን ተመልከቱ።

«የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል» ብለሽ ጨረፍ አድርገሽ ስለጠየቅሽ ደግሞ፣ የኛ ሕገ መንግሥት 29ኛው አንቀጽ ሃሳብን መግለጽ ይፈቅድና እዛው ላይ የጦርነት ቅስቀሳ በሕግ የተከለከለ ነው ይላል። ማለትም በወረቀት ላይ የተከለከለው ጦርነት መቃወም ሳይሆን ጦርነት መቀስቀስ ነው! ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም 20ኛው አንቀጽ ላይ ያንኑ ይላል፣ አሜሪካ በ1992 ስታጸድቀው ግን ለንግግር ነፃነት ስትል እዛ አንቀጽ ላይ አያስገድደኝም የሚል ተአቅቦ አስገብታለች። እዚህ ሀገር ጦርነት እንግባ ብሎ መጮህም አንግባ ብሎ መጮህም እኩል የተጠበቀ ነው። የኛው ላይ ያለው ቀዳዳ ደሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ 29ኛው አንቀጽ ከማይነኩት መብቶች ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ነው፣ ሰው በጣም የሚፈልገው ያኔ ሆኖ ሳለ።

የወንድ ልጅሽ ነገር። አሁን ምልመላ የለም፣ በ1973 ቀርቷል፣ ግን ግሪን ካርድ ቢሆንም 18 ሲሞላው በ30 ቀን ውስጥ ሰለክቲቭ ሰርቪስ (ምልመላ ቢመጣ የሚጠሩት የሚመዘገቡበት መሥሪያ ቤት) ላይ መመዝገቡን አረጋግጡ፣ ጦርነት ስለተቃወመ ከምዝገባ አይቀርም። ምልመላ ድንገት ቢመለስ እንኳ በሕሊና ምክንያት አልዋጋም ማለት የሚቻለው ጦርነትን ሁሉ ለሚቃወም ነው፣ በ1971 ሱፕሪም ኮርት ይሄኛውን ጦርነት ብቻ ነው የምቃወመው ማለት አይሠራም ብሏል። እኔ ያ ውሳኔ ልክ ነው ብዬ አላምንም፣ ሰው ኅሊናው የሚነግረው ስለሚያየው ጦርነት እንጂ ስለ ጦርነት ሁሉ አይደለም፣ ግን ሕጉ ያው ነው። ላለመመዝገብ የሚሞክር ልጅ በኋላ ሲቲዝንሺፕ ሲያመለክት ነው የሚያዝበት።

ደሞ ይሄ ከሁሉም በላይ ያንቺን ውሳኔ የሚቀይር ይመስለኛል፦ አንቺ እሱ 18 ሳይሞላው መሐላ ከፈጸምሽ፣ ግሪን ካርድ ይዘው ካንቺ ጋር በአሳዳጊነትሽ ሥር የሚኖሩ ከሆነ፣ ሁለቱም ልጆችሽ ያለ ማመልከቻ በሕጉ ራሱ አብረውሽ ሲቲዝን ይሆናሉ። 17 ከሞላው የቀረሽ ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሰልፉን ውጪ፣ ፐርሚት ያለውን ምረጪ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ቁሚ፣ ፖሊስ ዞር በሉ ካለ ዞር በዪ፣ ከመንገድ ዘጊዎቹ ጋር አትቀላቀዪ፣ ኢንተርቪው ቀንሽ ከልጁ ልደት ካለፈ ደሞ ነገ ዛሬ ሳትዪ ደውዪልኝ፣ እንዲያፋጥኑልን የሚጻፍ ደብዳቤ አለ።